እቁብ በሦስተኛው ወር የሚወጣበት ዕድል 1/10 ነው ወይስ 1/12?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር (ጥያቄና ተከታታይ መልሶቹን) የከፈተው ሒሳብ አስተማሪ ነው። ለተማሪዎቹ ካባዛው የፕሮባብሊቲ (የዕድል ስሌት) መልመጃ ሦስት ጥያቄ መርጦ ለጥፏል። የመጀመሪያው የእቁብ ነው፦ 12 አባላት ያሉት ወርኃዊ እቁብ አለ፤ በየወሩ ገና ካልበሉት ስም አንድ ወረቀት ይወጣል፤ አንድ አባል በሦስተኛው ወር እቁቡ የሚወጣለት ዕድል ስንት ነው? የመልስ ቁልፉ 1/10 ይላል። አንዲት ተማሪ 1/12 ብላ ሠርታ፣ ስህተት ተብሎ ቢታረምባትም አልቀበልም ብላለች። ጠያቂው ለቁልፉ ያደላል፤ በሦስተኛው ወር ቅርጫቱ ውስጥ ያለው 10 ስም ብቻ ነውና። እግረ መንገዱንም አንድ ድምዳሜ ጣል አድርጓል፦ ወሩ በገፋ ቁጥር ታህቱ ስለሚያንስ፣ የዘገየ ሰው ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ክሩን እስከ 22 መልስ የጎተተችው ይቺ ድምዳሜ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከ6 ወንድና ከ4 ሴት መካከል በዕጣ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ሲመረጥ ቢያንስ አንድ ሴት የመኖሯ ዕድል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ 144/120 ይዞ መጥቷል። መምህሩ ከ1 የበለጠ ዕድል እንደሌለ ያውቃል፤ አሠራሩ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ግን ጣቱን ሊያሳርፍበት አልቻለም። ሦስተኛው የከረጢት ኳስ ነው፤ 5 ቀይ፣ 3 ሰማያዊ፣ ሳይመለስ ሁለት ሲወጣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ የመሆን ዕድል። ቁልፉ 15/28፣ የክፍሉ ግማሽ 15/56።

መልስ 1 በትህትና ነው የገባው። ሁለቱም ቁጥሮች የየራሳቸው ጥያቄ መልስ መሆናቸውን፣ ለዚህ ጥያቄ ግን ትክክሉ የተማሪዋ መሆኑን አስረዳ። ሰውየው በሦስተኛው ወር እንዲበላ በመጀመሪያው ወር መቅረት አለበት፤ 11/12። በሁለተኛውም መቅረት አለበት፤ ያኔ የቀሩት 11 ስለሆኑ 10/11። ከዚያ በሦስተኛው መውጣት አለበት፤ 1/10። ሦስቱ ይባዛሉ፦ 11/12 × 10/11 × 1/10። 11ዱ ከ11ዱ፣ 10ሩም ከ10ሩ ጋር ይጣፋና 1/12 ይተርፋል። ቁልፉን ያዘጋጀው ሰው የመጨረሻዋን ክፍልፋይ ብቻ ይዞ፣ እዚያ ለመድረስ የታለፉትን ሁለት ወራት ዘንግቷል።

መልስ 2 ማባዛቱ ራሱ ትርፍ ድካም ነው ባይ ነው። አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች ገና በመጀመሪያው ቀን ተጠቅልለው ተደርድረዋል እንበል፤ የመጀመሪያው የመስከረም፣ ቀጣዩ የጥቅምት፣ ሦስተኛው የኅዳር እያለ እስከ ነሐሴ (ጳጉሜን እቁብ የለም)። አንድ ስም ከሌላው ወር ይልቅ ኅዳር ላይ የሚያርፍበት ወይም የማያርፍበት ምንም ምክንያት ስለሌለ ለእያንዳንዱ ወር 1/12 ይደርሳል። ቀጥሎ መቆጣጠሪያ ሰጠ፤ እኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሰውየው በዓመቱ ውስጥ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ይበላል፤ ስለዚህ የ12ቱ ወራት ዕድል ሲደመር ልክ 1 መምጣት አለበት። 1/12 አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደመር 1 ነው። በቁልፉ መንገድ ግን 1/12 + 1/11 + 1/10 እየተባለ እስከ 1/1 ሲደመር 3.1 ገደማ ይመጣል። በአንድ ዕጣ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ የሚያበላ እቁብ ያለ እንደሆነ እንዲጠቁሙትም ለምኗል።

3ኛው አንድ መስመር ነው፦ ይወጣል ወይም አይወጣም፣ እንግዲህ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ይኸው።

4ኛው አላሳለፈውም። ለእያንዳንዱ አባል ግማሽ ዕድል ከተሰጠ 12 ጊዜ ግማሽ 6 ስለሆነ በየወሩ በአማካይ ስድስት ሰው እቁብ ይውሰድ ማለት ነው፤ ከቅርጫቱ የምትወጣው ግን አንዲት ወረቀት ናት። ሁለት ውጤት መኖሩና ሁለቱ እኩል ሚዛን መያዛቸው ለየቅል መሆኑን፣ ይህን ያልለየ ሰው ደግሞ ሒሳብ ክር ላይ ባይጽፍ እንደሚሻል ጨመረበት። ነገሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ለአንድ መስመር የሚመጥን አልነበረም።

በ5ኛው ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ማባዛቱን ተቀብሏል፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎታል። ኅዳር ላይ ዕጣው ሊወጣ ሲል ቅርጫቱ ውስጥ 10 ወረቀት ነው ያለው፣ ሁሉም ያየዋል። ታዲያ 1/10 የማን ቁጥር ነው?

6ኛው መልስ የክሩ ምሰሶ ነው፤ ረዝሟል፣ ርዝመቱም ይገባዋል። ዋናው ሐሳብ ጥያቄው መቼ ተጠየቀ የሚል ነው። መስከረም ላይ፣ አንድም ወረቀት ሳይወጣ ከተጠየቀ 1/12። ኅዳር ላይ፣ ሰውየው ሁለቱን ወር እንዳልበላ ታውቆ ከተጠየቀ 1/10። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ የተለወጠው እኛ የምናውቀው ነው።

ይህን በቅርብ ለማሳየት ጨዋታውን ቀየረው። 12 የተጠቀለለ ወረቀት፣ አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አለ፣ ሰዎች በየተራ አንዳንድ ያነሳሉ፣ ማንም አይከፍትም። ሦስተኛው ያነሳው ሰው እጁ ላይ ያለው ወረቀት ምልክት ያለበት የመሆኑ ዕድል 1/12 ነው፤ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም አይለይም። አሁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ከፍተው ባዶ አገኙ እንበል፤ የሦስተኛው ወደ 1/10 ይወጣል። ከሁለቱ አንዱ ምልክቱን አገኘ እንበል፤ የሦስተኛው ዜሮ ይሆናል። ሁለቱ ባዶ የማግኘታቸው ዕድል 10/12፣ ከሁለቱ አንዱ የማግኘቱ 2/12 ነው። ሁለቱን መንገዶች መዝኖ መደመር ነው፦ 10/12 × 1/10 ሲደመር 2/12 × 0፤ ተመልሶ 1/12። አንዱ መንገድ ዕድሉን ከፍ ያደረገውን ያህል ሌላው ያወርደዋል። የዘገየ ሰው ዕድሉ ይጨምራል የሚለው ድምዳሜ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ኅዳር ላይ 1/10 የደረሳቸው ሰዎች መስከረምና ጥቅምት ያመለጣቸው ብቻ ናቸው፣ የበሉት ሁለቱ ከሒሳቡ ወጥተዋል። መዘግየት አንዳች አልጨመረላቸውም።

ከዚያ ወደ ቋንቋው ገባ። ጥያቄው ውስጥ ባለፉት ሁለት ወራት ያልወጣለት መሆኑ ከታወቀ የሚል፣ ወይም በአጭሩ እስካሁን ካልበላ የሚል ሐረግ ካለ፣ ታህቱ ከዚያ ቦታ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መልመጃ ምልክቷ ጊቭን ዛት የምትለዋ ናት። እንዲህ ያለ ሐረግ ከሌለ ከመጀመሪያው ወር ተነስቶ ማባዛት ግድ ነው። በወር ስም መጠየቅ ብቻውን ያለፉት ወራት ውጤት ታውቋል ማለት እንዳልሆነም አጥብቆ አሳሰበ፤ የቁልፉ ስህተት የተወለደው ከዚህ ነዋ።

7ኛው ሒሳቡን ትቶ እቁቡን ያዘ። እውነተኛ እቁብ በሰው አይቆጠርም፣ በዕጣ ነው። ሁለት ዕጣ የሚጥል አለ፤ ከሌላ ሰው ጋር ተዳብሎ ግማሽ ዕጣ የሚጥል አለ። 12 ዕጣ ባለበት እቁብ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመብላት ዕድል ለአንድ ዕጣ 3/12 ማለትም ሩብ ከሆነ፣ ለሁለት ዕጣ እጥፉ፣ ግማሽ፤ ለግማሽ ዕጣ ደግሞ 1/8 ነው ብሎ ደመደመ።

8ኛው ሁለቱንም አረመ፤ በጨዋ ቃል፣ ግን ያለ ርኅራኄ። ባለ ሁለት ዕጣው በሦስቱ ወራት ቢያንስ አንዴ የሚበላበትን ለማግኘት ጭራሽ የማይበላበትን መፈለግ ይቀላል። የእሱ ያልሆኑት ወረቀቶች 10 ናቸው፦ 10/12 × 9/11 × 8/10 = 6/11። ከ1 ሲቀነስ 5/11፤ 45 በመቶ ገደማ ነው፣ 50 አይደለም። የጎደለችው 1/22 የት ገባች? ሁለቱም ዕጣዎቹ በሦስቱ ወራት ውስጥ የሚወጡበት ሁኔታ አለ። ከ12 ወር ሁለት ወር መምረጫው 66 መንገድ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሁለት መምረጫው 3 መንገድ፤ 3/66 ማለት 1/22 ነው። ዝም ብሎ እጥፍ ያደረገ ሰው ይህችን ሁለት ጊዜ ቆጥሯታል። ግማሽ የሚለው ቁጥር ግን ከንቱ አይደለም፤ በሦስት ወር ውስጥ የሚወጣለት ዕጣ በአማካይ ስንት ነው ለሚል ጥያቄ መልስ ነው።

ግማሽ ዕጣው የባሰ ስህተት ነው። ሁለት ሰዎች የሚጋሩት አንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ሲወጣ ለሁለቱም ወጣ፤ ሲቀር ለሁለቱም ቀረ። ስለዚህ የእያንዳንዳቸው ዕድል ከባለ ሙሉ ዕጣው እኩል ሩብ ነው፤ የሚገመሰው ገንዘቡ ነው። ዕጣው በወር 1,000 ብር ከሆነ ሙሉው 12,000 ይወስዳል፤ ግማሹ 500 እየጣለ 6,000 ይወስዳል። ዕድልንና ጥቅምን መደበላለቅ፣ አለ ጸሐፊው፣ በክፍል ውስጥም ከሁሉ በላይ የሚያስቸግር ነገር ነው።

በ9ኛው ያው የ7ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ስህተቱን አመነ፤ ሳያሽሞነሙን። በምትኩ አንድ ጠቃሚ ነገር ትቶ ሄደ፦ በአንዳንድ እቁብ የመጀመሪያው ዙር ያለ ዕጣ ለዳኛው ወይም ለሰብሳቢው ይሰጣል። እንዲያ ከሆነ ዕጣው ውስጥ የሚገቡት 11 ብቻ ናቸው፤ ከሁለተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ለእያንዳንዳቸው 1/11 ይደርሳቸዋል፣ ለመስከረም ደግሞ ዜሮ። እቁብ የወጣለት ሰው ተራውን ለቸገረው ሲለቅ ወይም ሲሸጥ የዕጣው ዕድል አይነካም፤ የሚለወጠው ገንዘቡን ማን መቼ ያገኛል የሚለው ነው። ለመልመጃ እቁብን የሚመርጥ ሰው እነዚህን መግለጽ አለበት፤ አለዚያ እቁብ የሚያውቅ ተማሪ ከማያውቀው ይልቅ ይሳሳታል። ይህችን ነጥብ ማንም አልመለሰላትም፤ ለእኔ ግን ከብዙዎቹ ቀመሮች ትበልጣለች።

እስካሁን ያለው ሒሳብ ሁሉ ወረቀቶቹ እኩል የመውጣት ዕድል አላቸው በሚል ላይ የቆመ ነው። 10ኛው መልስ ይህን እግሩን ነቀነቀው። እኩልነቱ ከሰማይ አይወርድም፤ በማደባለቅ ይሠራል። ምሳሌው የአሜሪካ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለውትድርና የሚጠሩ ወጣቶች ቅደም ተከተል በልደት ቀን ዕጣ ወጣ። 366 ቀኖች በ366 የፕላስቲክ እንክብል ተደረጉ፤ ከጥር ጀምሮ በየወሩ ተራ ወደ ሣጥን ገቡ፤ የታኅሣሦቹ መጨረሻ ገቡ፤ ማደባለቁ በቂ አልነበረም። እያንዳንዱ ቀን የወጣበት ተራ ቁጥሩ ሆነ፤ ለውትድርና የተጠሩት እስከ ቁጥር 195 ድረስ ያሉት ናቸው። ከታኅሣሥ 31 ቀኖች ከዚያ በላይ ሆነው የዳኑት 5 ብቻ ናቸው፤ በደንብ ቢደባለቅ 14 ያህል ይጠበቅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አወጣጡ ተለወጠ፤ ቀኖቹ በአንድ ከበሮ፣ የተራ ቁጥሮቹ በሌላ ከበሮ ሆነው ጥንድ ጥንድ ይወጡ ጀመር። ከዚህ ተነስቶ ለእቁብ ዳኞች የሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ወረቀቱ ከአንድ ደብተር በእኩል ልክ ይቆረጥ፣ አጣጠፉ አንድ ይሁን፣ ጥልቅ ጣሳ ውስጥ ከመጨመር ሰፌድ ላይ መዘርገፍ ይሻላል፤ መጨረሻ የተጻፈው ስም ጣሳው አፍ ላይ ይቀራልና።

11ኛው ሰፌዱን ያዘ። ሰፌድ የተሠራው ለመለየት ነው እንጂ ለመቀላቀል አይደለም፤ ሲያንገዋልሉት ከባዱ ወደ አንድ፣ ቀላሉ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ አንዱ ወረቀት አራት፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ከታጠፈ እዚያው ይበጠራል። እንግዲያው በእጅ ማደባለቅ ነው፣ ማበጠር አይደለም። ከቀልዱ በኋላ ቁም ነገር መጣ፦ ክብደት ዕድልን እንዴት እንደሚያዛባ በፔንሲልቬንያ ሎተሪ ታይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1980፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ኳሶች በአየር የሚዘሉባቸው ሦስት ማሽኖች ነበሩ። አጭበርባሪዎቹ ከ4 እና ከ6 በስተቀር ኳሶቹን ሁሉ ቀለም ወግተው አከበዷቸው። የወጣው 666 ነው። ቆጠራው እዚህ ላይ ያስተምራል፤ በጤናው ጊዜ 10 × 10 × 10 ማለትም 1,000 ውጤት ነበር፤ ሁለት ኳስ ብቻ መውጣት ሲችል 2 × 2 × 2፣ 8 ውጤት። ስምንቱንም የገዛ ሰው አሸናፊ ነው። ተንኮሉ ተነቅቶበት ተፈርዶባቸዋል።

12ኛው ነገሩን ወደ አገር ቤት መለሰው፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወጥቶ ወደ ተሰረዘው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ። ያነሳው ነጥብ ሒሳባዊ ነበር፦ ማደባለቁ የፈለገውን ያህል ፍጹም ቢሆን፣ መግባት የማይገባው ስም ከገባ የሌላው ዕድል ይቀንሳል። ምሳሌውን በፈጠራ ቁጥር አስቀመጠው፦ 100 ቤት ለ1,000 ተገቢ ተመዝጋቢ 1/10 ነው፤ 1,000 የማይገባቸው ሲታከሉ 1/20። 13ኛው ግን ክሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደውና ስድብም ቀላቀለበት። በ14ኛው አወያዩ የ13ኛውን አብዛኛውን ክፍል አጥፍቶ፣ ገና ሁለት ጥያቄ እንዳልተመለሰ አስታወሰ። ደግ አደረገ።

15ኛው የኮሚቴውን ጥያቄ እስከ አጥንቱ ገፈፈው። ከ10 ሰው 3 የመምረጫ መንገድ 10 × 9 × 8 ለ6 ሲካፈል 120 ነው። ተማሪዎቹ የሠሩት እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ አንዲት ሴት እናረጋግጥ፣ 4 መንገድ፤ ከዚያ ከቀሩት 9 ሰዎች ማንንም ሁለት እንምረጥ፣ 36 መንገድ፤ 4 × 36 = 144። አነጋገሩ ልክ ይመስላል፤ ስህተቱ ማረጋገጥ በምትለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሴቶች ካሉ፣ አንዷ የተረጋገጠችው ሌላዋ ከ9ኙ የተመረጠችው ልትሆን ትችላለች፤ ወይም በተገላቢጦሽ። ኮሚቴው አንድ፣ ቆጠራው ሁለት። ሦስቱም ሴት ከሆኑ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። ቁጥሮቹን አስቀመጠ፦ አንዲት ሴት ብቻ ያለችበት 4 × 15 = 60፤ ሁለት ሴት ያለበት 6 × 6 = 36፤ ሦስት ሴት 4። ትክክለኛው ድምር 100። የተማሪዎቹ ደግሞ 60 ሲደመር 2 ጊዜ 36 ሲደመር 3 ጊዜ 4፣ ልክ 144። ትርፉ 44 ከየት እንደመጣ እስከ መጨረሻዋ ተቆጠረ። መልሱ 100/120፣ ማለትም 5/6።

አንድ ማስጠንቀቂያም አከለ። ተማሪዎቹ በ144/120 ዕድለኞች ናቸው፤ ከ1 በመብለጡ ስህተቱ ራሱን አጋልጧል። ወንዶቹ 16፣ ሴቶቹ 4 ቢሆኑ ኖሮ በዚሁ የተሳሳተ መንገድ 4 × 171 = 684 ከ1,140 ይመጣል፤ 0.6 የሆነ ጨዋ ቁጥር። ትክክለኛው 1,140 − 560 = 580 ስለሆነ 0.51 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ማንም አይጠረጥርም።

16ኛው ተቆጥቷል። ቢያንስ አንድ የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ምንም የሌለበትን ከ1 መቀነስ እያለ፣ ይህን ሁሉ ቆጠራ ለተማሪ ማሸከም ማሰቃየት ነው ባይ ነው፦ ሦስቱም ወንድ የሚሆኑበት 20 መንገድ፣ 1 − 20/120 = 5/6፣ አለቀ። መንገዱ አጭርም ትክክልም ነው። 15ኛውን በከንቱ መቆጣቱ ግን አልገባኝም፤ ጠያቂው የፈለገው ስህተቱ የት እንዳለ እንጂ አቋራጭ አልነበረም። ሆኖም ቁጣው መሐል የሚጠቅም ነገር አለ፦ አቋራጩን በቃል የሸመደደ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ሴት ሲባልም 20 ብቻ ቀንሶ ይሄዳል። እዚያ የሚቀነሰው ምንም የሌለበት 20 እና አንዲት ብቻ ያለችበት 60 ነው፤ 120 − 80 = 40፤ ስለዚህ 1/3።

17ኛው ኳሶቹን በአጭሩ ጨረሰ። ቀይ ከዚያ ሰማያዊ፦ 5/8 × 3/7 = 15/56። ሰማያዊ ከዚያ ቀይ፦ 3/8 × 5/7፣ ያው 15/56። ጥያቄው ቅደም ተከተል ስላልጠየቀ ሁለቱ ይደመራሉ፤ 30/56፣ ሲቃለል 15/28። ግማሹ ክፍል አንዱን መንገድ ብቻ ወስዶ ቆሟል። በጥንድ የሚቆጥር ደግሞ 5 × 3 = 15 ጥንድ ከ28 ጥንድ ያገኛል። ላዕሉን ያለ ቅደም ተከተል 15 ብሎ ቆጥሮ ታህቱን በቅደም ተከተል 8 × 7 = 56 ያለ ሰው ግን ሁለት ሚዛን ይዞ ገበያ የወጣ ነው። መቆጣጠሪያው እንደ 2ኛው መልስ ነው፦ ሁለቱም ቀይ 10/28፣ ሁለቱም ሰማያዊ 3/28፣ አንድ አንድ 15/28፤ ድምሩ 28/28። ሁለቱን ኳስ በአንድ እፍኝ ማውጣትና አንዱን ሳይመልሱ ሌላውን ማውጣት አንድ መሆናቸውን ጨመረ። የመጀመሪያው ኳስ ከተመለሰ ግን 2 × 15/64፣ ማለትም 15/32 ይሆናል።

18ኛው ወረቀቱን ሁሉ ጥሎ በኤክሴል ለማውጣት ሐሳብ አቀረበ፤ ከ12ቱ ስሞች ጎን ራንድ ቢትዊን (RANDBETWEEN) የሚባለውን፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ፋንክሽን ከ1 እስከ 12 ብሎ መሙላት፣ የመጣው ቁጥር የወሩ ተራ ይሁን።

19ኛው ወዲያው ያዘው። ያ ፋንክሽን ያወጣውን ቁጥር መልሶ ከረጢት ውስጥ ይከታል፤ ሁለት ሰው 7 ቁጥር ቢደርሰው ግድ የለውም። ገና በአምስተኛው ስም ላይ ቁጥር የመደጋገሙ ዕድል 62 በመቶ ገደማ ነው። 12ቱም ሳይደጋገሙ የሚመጡት ከ18,600 ሙከራ አንዴ ያህል ነው። ደህናው መንገድ በሁለተኛው ዓምድ ራንድ (RAND) የሚባለውን፣ ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል በዘፈቀደ የአሥርዮሽ ቁጥር የሚያወጣውን መሙላት፣ ከዚያ ስሞቹን በዚያ ዓምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ነው። ወጥመድ አለበት፦ ሉሁ ላይ የትኛውም ቦታ አንድ ነገር ሲጻፍ ወይም ሲለወጥ ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ይለወጣሉ። ስለዚህ ከመደርደር በፊት ዓምዱን ቀድቶ ቁጥሩን ብቻ መልሶ መለጠፍ፤ ይህም አባላቱ ፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሰብሳቢው ያልተመቸው ተራ ሲመጣ ሉሁን ደግሞ መንካት ከቻለ፣ ዕጣው ከዚያ ወዲያ ዕጣ አይደለም።

በ20ኛው ጠያቂው የታረመውን ጥያቄ ለጠፈ። ለተማሪዋ ነጥቧን መልሶላታል። አዲሱ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። ሀ ላይ፣ ከመጀመሪያው ዕጣ በፊት ሲታሰብ አንድ አባል በሦስተኛው ወር የሚበላበት ዕድል ይጠየቃል፤ ለ ላይ፣ በሁለቱ ወራት እንዳልበላ ከታወቀ በኋላ። እያንዳንዱ አባል አንድ ዕጣ እንዳለውና ለዳኛው የሚቀደም ዙር እንደሌለም ጽፏል፤ 9ኛውን አንብቦታል ማለት ነው። 3ኛው ጸሐፊ ብቅ ብሎ አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው ሊል ነበር፤ ግን ሳቅ ብቻ ለጥፎ ሄደ።

21ኛው አዲሱን ጥያቄ እንደ ዳኛ መረመረና አንድ ቀዳዳ አገኘ። ጠያቂው ሲያርመው በየወሩ አንድ ወረቀት ይወጣል ብሎ አሳጥሮታል፤ ገና ካልበሉት የሚለው ሐረግ ጠፍቷል። የወጣው ወረቀት ወደ ቅርጫቱ ይመለሳል ብሎ የሚያነብ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስተኛው ወር የመውጣቱን ዕድል 11/12 × 11/12 × 1/12 ብሎ ይሠራል፤ 121/1728፣ 7 በመቶ ገደማ። በ8.3 በመቶ ፈንታ 7 ሲመጣ ተማሪው አልተሳሳተም፤ ጥያቄው ነው ያሳሳተው። በዚህኛው ንባብ የክፍል ለ መልስ 1/12 ስለሚሆን ሀ ከለ ያነሰበት ምክንያት ሌላ ይሆናል፤ ትምህርቱም ይጠፋል።

22ኛው የጠያቂው ነው። የወጣው ወረቀት ይቀደዳል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ መልመጃውን እንደገና ለጠፈ።